የተዛወረው ሹም፦ የጎጃም ሕዝብ በገዥዎቹ ላይ ያሰማው አቤቱታ፣ ከ1924 እስከ 1966 ዓ.ም.

በኢትዮጵያ የቀድሞ ሥርዐት ሹመት ከደመወዝ ይልቅ በመብል የሚታሰብ ነገር ነበረ። አንድ መኳንንት አገር ሲሾም፣ ያ አገር ከሚያስገባው ግብር ከፊሉን ወደ ቤተ መንግሥት ልኮ በቀሪው ራሱን፣ ወታደሩንና አሽከሩን ያሳድር ስለነበር፣ የመንግሥት ገቢና የሹሙ ሀብት የሚለያዩበት ወሰን በግልጽ አልተሠመረም፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም ይህንኑ ልማድ በትዝብት ይዞ የኖረ ነው። ገበሬው ሹም መብላቱን እንደ ደንብ ይቀበለው ነበር፤ የሚያስቆጣው ከልክ ሲያልፍ ነው። ልኩ ደግሞ በጽሑፍ የሰፈረ ሕግ ስላልነበረውና የሚታወቀው ካባት በወረደ ልማድ ስለሆነ፣ አዲስ ሹም ወይም አዲስ አዋጅ በመጣ ቁጥር ገበሬው ቀድሞ የሚጠይቀው ልማዱ ተነክቷል ወይስ አልተነካም የሚለውን ነው።

በዓባይ ቀለበት የታቀፈው ጎጃም ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ከተነሣባቸው አገሮች አንዱ ነው። በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለው ዘውድ ከጫኑት ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ጀምሮ የጎጃም ገዥዎች መቀመጫ በቀድሞ ስሟ መንቆረር በተባለችው በደብረ ማርቆስ ነበረ፤ ከዚያ ተነሥቶ በደምበጫ፣ በጅጋና በፍኖተ ሰላም አልፎ ማንኩሳንና ቡሬን የሚያገናኘው መንገድ ደግሞ የዳሞትን ጤፍ፣ በቆሎና በርበሬ ወደ ገበያ፣ የገዥውን ትእዛዝም ወደ ገጠር ያመላልስ ነበር። በዚህ አገር ከ1924 እስከ 1966 ዓ.ም. ባሉት ዐሥርት ዓመታት ሕዝቡ በገዥዎቹ ላይ ያሰማው አቤቱታና ከማዕከል ያገኘው ምላሽ፣ ጥፋተኛ የተባለ ሹም ሲቀጣ፣ ሲሻርና ሲዛወር የተከተለውን ውጤት ለማነጻጸር ያስችላል።

ከራስ ኃይሉ እስከ ራስ እምሩ

የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ከ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እስከ 1924 ጎጃምን ሲገዙ፣ ከአባታቸው የወረሱትን የመሳፍንት ክብር ከዘመናዊ ነጋዴ ብልሃት ጋር ያጣመሩ ሰው ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ከጎበኙት መኳንንት አንዱ ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባም የታክሲ አገልግሎት እስከ ማቋቋም የደረሰ የንግድ ሥራ ነበራቸው። ለዚህ ሁሉ የሚሆነው ገንዘብ በዋናነት የሚመነጨው ከጎጃም ገበሬና ነጋዴ ስለነበር፣ በየምክንያቱ የሚጣለው ግብርና መዋጮ፣ ሹመትን በገንዘብ መስጠቱና በፍርድ ስም የሚወሰደው ንብረት ብዙ እሮሮ አስነሣ። እሮሮው ግን ለረጅም ጊዜ ከዓባይ ማዶ አልተሻገረም፤ ራስ ኃይሉ የአገሩ ባላባት፣ የንጉሥ ልጅና የራሳቸው ጦር ባለቤት በመሆናቸው ማዕከላዊው መንግሥት በቀላሉ ሊነካቸው አይችልም ነበርና።

ሁኔታው የተለወጠው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ የየአገሩን መሳፍንት ሥልጣን ወደ ማዕከል መሰብሰብ በጀመሩ ጊዜ ነው። በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ወደ አዲስ አበባ ተጠርተው የጎጃም ሰዎች ያቀረቡባቸው የበደል አቤቱታ ተሰማ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ደግሞ በፍቼ በግዞት የነበሩት የቀድሞ አማቻቸው ልጅ ኢያሱ ሲያመልጡ እጃቸው አለበት በመባሉ፣ ሹመታቸውን ተገፈው ታሰሩ፤ ንብረታቸውም ተወረሰ። ከፍርዱ በስተጀርባ የመንግሥቱ የራሱ ፍላጎት እንደነበረ አይካድም። ይሁን እንጂ ከጎጃም ገበሬ በኩል ሲታይ፣ አቤት የተባለበት ገዥ በችሎት ፊት ቆሞ ሀብቱን ሲያጣና ሲታሰር መታየቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ችሎት ማለት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ወይም ባለሙሉ ሥልጣን ሹማቸው ተቀምጠው ክርክር የሚሰሙበት የፍርድ ጉባኤ ሲሆን፣ ከሩቅ አገር ለመጣ አቤት ባይ የመጨረሻው ተስፋ እርሱ ነበረ።

በራስ ኃይሉ እግር የተተኩት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሲሆኑ፣ በዘመኑ ለውጥ ከሚፈልጉት መኳንንት ወገን የሚቆጠሩ ነበሩ። በጎጃም በቆዩባቸው ጥቂት ዓመታት በልማድ ላይ የተጨመሩትን ልዩ ልዩ መዋጮዎች ለማቃለልና የግብሩን አሰባሰብ ለማስተካከል ሞከሩ። ይሁንና ከውጭ የመጡ ገዥ ስለነበሩ የራስ ኃይሉ ወገን ከሆኑት ባላባቶች የገጠማቸው ተቃውሞ አልበረደም፤ በ1928 ዓ.ም. እርሳቸው የጎጃምን ጦር መርተው በሽሬ ግንባር ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ፣ የራስ ኃይሉ ዘመድ ደጃዝማች ገሠሠ በለው በኋላቸው ጎጃም ላይ ሸፈቱ። ከዚህ የሚታየው በጎጃም ሁለት ዐይነት ቅሬታ ጎን ለጎን ይኖር እንደነበር ነው፤ አንዱ ባላባቱ ከዙፋኑ ጋር ያለው የሥልጣን ፉክክር፣ ሌላው ገበሬው ከማንኛውም ገዥ ጋር ያለው የልክ ክርክር ነበረ። መንግሥት በኋለኞቹ ዘመናት ደጋግሞ የተሳሳተው ሁለተኛውን የመጀመሪያው አድርጎ በማየቱ ነው።

ከነጻነት በኋላ የመጣው አዲስ አስተዳደር

በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ወደ ዋና ከተማቸው የተጓዙት በጎጃም በኩል ነው። የጎጃም አርበኞች ለአምስት ዓመት ባደከሙት የጣሊያን ጦር ላይ በእንግሊዞች የሚመራው ትንሹ የጌዴዎን ጦር ተጨምሮበት ቡሬ ተለቀቀች፤ ውጊያው በማንኩሳና በደምበጫ በኩል አልፎ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከዚህ የተነሣ የዳሞትና የአካባቢው ሕዝብ ለዙፋኑ ውለታ የዋለ ሕዝብ መሆኑን አልረሳም፤ በኋላ ባቀረበው አቤቱታ ሁሉ ንጉሡን ከሹሙ ለይቶ ሲናገር የቆየው ከልማዱ በተጨማሪ በዚህ ትዝታ ምክንያት ነው።

በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ከፋፍሎ፣ ገዥዎች በሀገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ሆነው በደመወዝ የሚሠሩ የመንግሥት ሹሞች እንዲሆኑ አደረገ። ጠቅላይ ግዛት ዛሬ ክልል ከሚባለው ያነሰና ከዞን የሰፋ የአስተዳደር እርከን ሲሆን፣ የሚመራው ሹም ጠቅላይ ገዥ ይባል ነበር። በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ቡሬ የዳሞት አውራጃ፣ ፍኖተ ሰላም ደግሞ የቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ ዋና ከተማ ሆኑ። በ1937 ዓ.ም. ስለ ማዘጋጃ ቤቶች የወጣው አዋጅ ከንቲባ የሚለውን የቆየ ማዕርግ ለአዲስ አበባና ለጎንደር ብቻ ሰጥቶ ሌሎቹ ከተሞች በከተማ ሹም እንዲተዳደሩ ስለወሰነ፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በዳሞት ከተሞች የነዋሪው ዕድል የተንጠለጠለው በጠቅላይ ገዥው እጅ ላይ ነበረ። የከተማ ሹሙም ሆነ ገዥው የሚሾመው ከላይ ስለነበር፣ ሕዝቡ የማይወደውን ሹም በድምፅ የሚያወርድበት መንገድ አልነበረውም፤ የቀረው በር አቤቱታ ብቻ ነው።

አዲሱ አስተዳደር ገንዘብ ይፈልግ ስለነበር የመጀመሪያው ግጭት በግብር ላይ ተነሣ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ደረጃ መድቦ ለአንድ ጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር እንዲከፈል ሲደነግግ፣ የጎጃም ገበሬ አመጸ። ጋሻ መሬት ለመለካት ያገለግል የነበረ መስፈርት ስለሆነ፣ በጋሻ መክፈል ማለት አስቀድሞ መለካት ማለት ነበር። መንግሥት ከአመጹ በኋላ በ1937 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ የጎጃም፣ የበጌምድርና የትግራይ ሕዝብ መሬቱ ሳይለካ ከጦርነቱ በፊት በነበረው ልክ እንዲከፍል ፈቀደ። በዚያው ዓመት በጥር ወር ከመንግሥት ጋር ተጣልተው የነበሩት የቢቸናው አርበኛ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በአዲስ አበባ በስቅላት ሲቀጡ፣ በጎጃም ልብ ውስጥ ሳይሽር የቀረ ቁስል ተጨመረ። ገበሬው ከእነዚህ ዓመታት ሁለት ትምህርት ይዞ ወጣ፤ መሬት አይለካም ብሎ ቢቆም መንግሥት እንደሚያፈገፍግ፣ ብቻውን የቆመ ጀግና ግን እንደሚቀጣ አየ።

የርስት ትርጉምና የቀላድ ስጋት

ቀጥሎ የመጣውን ለመረዳት ርስት ምን እንደሆነ ማስረዳት ግድ ይላል። ርስት አንድ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል የዘር ሐረጉን ቆጥሮ ከአቅኚ አባት፣ ማለትም አገሩን መጀመሪያ ካቀናው ሰው ጋር ዝምድናውን በማሳየት ከመሬቱ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ጥናት ያካሄደው አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ አለን ሆበን እንደገለጸው፣ አንድ ገበሬ በልዩ ልዩ አያቶቹ በኩል በብዙ ቦታ የርስት ጥያቄ ሊኖረው ይችላል፤ በእጁ የሚያርሰው መሬት ከዚህ ሁሉ ጥያቄ በክርክር፣ በሽምግልናና በብርታቱ ያገኘው ክፋይ ብቻ ነው። ድሃው ነገ ተሟግቶ እንደሚያገኝ ተስፋ ያደርጋል፤ ሀብታሙም ያገኘውን እንዳይነጠቅ ይሟገታል፤ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው።

ቀላድ መሬት የሚለካበት ገመድ ሲሆን፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ቀላድ ከተጣለ በኋላ ብዙው ገበሬ ከባለ መሬትነት ወደ ጢሰኝነት፣ ማለትም የሌላ ሰው መሬት እያረሰ ምርቱን ወደሚያካፍል ተከራይነት መውረዱን የጎጃም ሰው በዝና ያውቅ ነበር። ስለዚህ በጅጋም ሆነ በቢቸና ገጠር አንድ የመንግሥት ሹም መዝገብ ይዞ የየሰውን ማሳና ምርት በስም ሲጽፍ መታየቱ፣ የጻፈው ምንም ይሁን ምን፣ የቀላድ መቅድም ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በስም የተመዘገበ መሬት ደግሞ ያልተመዘገበበትን ሰው የዘላለም ጥያቄ ይዘጋል። ይህ ስጋት ከትምህርት ማነስ የመጣ ፍርሃት ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስሕተት ነው፤ ገበሬው የሚከላከለው መብት በመዝገብ ሊያዝ የማይችል ዐይነት መብት ስለነበር፣ መዝገቡን መፍራቱ ከነገሩ ባሕርይ የመነጨ ነው።

የደጃዝማች ፀሐዩ ዘመን

ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ የጎጃም ጠቅላይ ገዥ ሆነው የተሾሙት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ በሹመቱ ላይ ስምንት ዓመት ያህል ቆዩ። እንደ አብዛኞቹ ከማዕከል እንደተላኩ ገዥዎች የአገሩ ተወላጅ አልነበሩም፤ የየአውራጃውንና የየወረዳውን ሥልጣን ከያዙት የበታች ሹሞቻቸውም ብዙዎቹ ከውጭ የመጡ መሆናቸው፣ በገዥው ላይ የተነሣው ቅሬታ በጠቅላላው የአስተዳደር ሰንሰለት ላይ እንዲነሣ አደረገ።

በሕዝቡ አንደበት ሲነገሩ የቆዩት ክሶች በጥቂት ርእሶች ሥር ሊጠቃለሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ለልማትና ለንጉሠ ነገሥቱ መታሰቢያ ሐውልት በሚል በፈቃድ ስም፣ ነገር ግን በግዴታ ይሰበሰብ ነበር የተባለው መዋጮ ሲሆን፣ ከተሰበሰበው ብዙው ለታለመለት ጉዳይ ሳይውል በሹሞች እጅ ቀርቷል ይባል ነበር። ሁለተኛው የጦር መሣሪያ ምዝገባ ነው። በጎጃም ጠመንጃ ርስቱን ለሚጠብቅ ገበሬ የወንድነትና የባለ አገርነት ምልክት፣ ለአርበኛውም ከጠላት የማረከው የክብር ዕቃ በመሆኑ፣ መሣሪያህን አስመዝግብና ለምዝገባው ክፈል መባሉ ጠመንጃውን ለመንጠቅ የተጠነሰሰ ሴራ ሆኖ ታየ። ሦስተኛው በየፍርድ ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ ያለ ጉቦ ጉዳይ አይፈጸምም የሚለው የዘወትር እሮሮ ነበረ። ይህ ሁሉ በ1940 ዓ.ም. ከተጀመረው የትምህርት ግብርና በኋላ ከተጨመረው የጤና ግብር ጋር ሲደመር፣ ትምህርት ቤትም ሆነ ሐኪም ቤት በቅርቡ ለማያይ የገጠር ሰው፣ መንግሥት እየተቀበለ የማይሰጥ ሆኖ ተገኘ።

በእነዚህ ዓመታት በጎጃም ገበሬ ላይ የሚደርሰው የሹም ጫና በሥነ ጽሑፍም ታይቷል። የደብረ ማርቆስ አውራጃ ተወላጅ የሆኑት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልብ ወለድ፣ ጀግናው በዛብህ የተወለደባትን ማንኩሳን መነሻ አድርጎ፣ ከልማድ በላይ የሆነ ስጦታ የጠየቁ ፊታውራሪና በአበጀ በለው መሪነት አንሰጥም ያሉ ባላገሮች የገጠሙትን ክርክር ይተርካል። የልብ ወለዱ ዘመን ወደ ኋላ ቢሆንም፣ ከታተመ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው አገር የደረሰው ነገር ለአንባቢው ዐይነቱን አስቀድሞ ያሳየው ነበረ።

የ1960 አመጽ

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ከሁለት ዓመት በፊት በተሰረዘው የጉልት መብት ላይ የተጨመረ ሁለተኛ እርምጃ ነበረ። ጉልት አንድ ባለ መብት ወይም ቤተ ክርስቲያን ከገበሬው የመንግሥትን ግብር ተቀብሎ ለራሱ የሚያስቀርበት ሥልጣን ሲሆን፣ አሥራት ደግሞ ከምርት ዐሥር እጅ አንድ ተብሎ የሚከፈል ግብር ነው። አዲሱ አዋጅ አሥራትን አስቀርቶ በምትኩ እያንዳንዱ አራሽ በዓመት ባገኘው ገቢ ልክ፣ ገቢው ከፍ ሲል የሚከፍለውም ከፍ እያለ የሚሄድ ግብር እንዲከፍል ይደነግጋል። በጽሑፉ ሲታይ ሸክሙን ከድሃው ወደ ሀብታሙ የሚያዞር ነበር። ነገር ግን ገቢውን የሚገምቱት በየወረዳው የሚቋቋሙ ኮሚቴዎች በየማሳው እየዞሩ የእያንዳንዱን ሰው ምርት ማየትና መመዝገብ ስለነበረባቸው፣ የቀላድ ስጋት እንደገና ተቀሰቀሰ። ከዚህም በላይ አዋጁን ለሕዝብ የሚያስረዱትም፣ የሚያስፈጽሙትም፣ ገማቾቹን የሚሰይሙትም ቅሬታ ሲነሣባቸው የቆዩት የደጃዝማች ፀሐዩ ሹሞች ነበሩ። ሐውልት ይሠራል ተብሎ የከፈለውን ገንዘብ መድረሻ ያላወቀ ገበሬ፣ እነዚሁ ሰዎች ግብርህ ይቀልላል ሲሉት ሊያምናቸው አልቻለም፤ ሕጉ የተመዘነው ሕጉን ይዞ በመጣው እጅ ነው።

የተቃውሞው እምብርት ከጮቄ ተራራ በስተምሥራቅ ባሉት በሞጣና በቢቸና አውራጃዎች ሲሆን፣ ቆይቶ ወደ ደብረ ማርቆስ አውራጃ ተስፋፋ። የርስትና የምዝገባው ስጋት ግን የምዕራቡም፣ የዳሞቱም ነበር። ገበሬዎቹ በመጀመሪያ ያደረጉት አቤት ማለት ነው፤ ገማቾች ወደ ማሳቸው እንዳይገቡ ከከለከሉ በኋላ መልእክተኞች ወደ አዲስ አበባ ልከው ሁለት ዋና ጥያቄ አቀረቡ። አዲሱ ግብር ይቅርልን፣ ደጃዝማች ፀሐዩና ሹሞቻቸው ይነሡልን አሉ። በሁለቱም ጥያቄ ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱን የሚነካ ነገር አልነበረም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር በደልን ሁሉ በሹሙ ላይ መጫን ለከሳሹ የመከላከያ ስልት፣ ለንጉሡም የክብር መውጫ በር ነበረ፤ ንጉሡ ሹሙን ቢያነሣ ዙፋኑ ሳይደፈር ሕዝቡ ይረካል ተብሎ ይታሰባል።

ምላሹ ግን በሁለት እጅ የመጣ ነበር። መንግሥት በአንድ በኩል አጣሪ ኮሚሽን ይልካል፤ በሌላው በኩል ጠቅላይ ገዥው ያለ ኃይል ግብር አይሰበሰብም በማለት ፖሊስና ነጭ ለባሽ ያዘምታሉ። ነጭ ለባሽ የደንብ ልብስ የሌለው፣ ከዚያው ከባላገሩ የሚመለመል ረዳት የገጠር ጦር ነው። የከሰሱት ገዥ አሁንም በሥልጣን ላይ ሆኖ የጦር አዝማች ሲሆን ያየ ሕዝብ ኮሚሽኑን እንደ ማዘናጊያ ቆጠረው። ስለዚህ በየአጥቢያው ጎበዝ አለቃ መረጠ፤ ጎበዝ አለቃ በሹመት ሳይሆን በመንደሩ ስምምነት ለጥበቃና ለውጊያ የሚሰየም መሪ ሲሆን፣ ይህ ሥርዐት በጣሊያን ጊዜ አርበኛው የተደራጀበት ሥርዐት ነበር። ያስመዝግብ የተባለው ጠመንጃም ለዚሁ ዋለ። በመጨረሻ መንግሥት መደበኛ ጦርና የአየር ኃይል አሰለፈ፤ መንደሮችም ከአየር ተደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱን ወደ ዙፋናቸው ያሳለፈው አገር ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ በዚያው መንግሥት አውሮፕላን ተመታ።

የአመጹን ባሕርይ በተመለከተ አስተያየቱ የተከፋፈለ ነበር። ለመንግሥት ሰዎች ባላባቱ ጥቅሙን ለማስጠበቅ ያልተማረውን ገበሬ ያነሣሣበት ሁከት ሆኖ ታያቸው፤ ከየካቲት 1957 ጀምሮ «መሬት ለአራሹ» የሚል መፈክር ላነሡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በርስት ሥርዐት ላይ የተመሠረተው ተቃውሞ ከትግላቸው ጋር በቀላሉ የሚገጥም አልነበረም። ስለ ገበሬዎች አመጽ ሰፊ ጥናት ያበረከቱት የታሪክ ምሁር ገብሩ ታረቀ፣ ጎጃምን ከ1935ቱ የትግራይ ቀዳማይ ወያነና ከባሌ አመጽ ጋር አነጻጽረው ሲመረምሩ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በፈረንሳይ አብዮት ላይ ከተነሡት የቬንዴ አውራጃ ገበሬዎች ጋር ይመሳሰላል ወይ የሚለውን ጥያቄ አንሥተዋል። ቬንዴ ለዙፋንና ለቤተ ክርስቲያን የተነሣ፣ ለውጥን የተቃወመ ገበሬ ምሳሌ ነው። የጎጃሙ ገበሬም በአንድ ዐይን ሲታይ የነበረውን ሊያስቀር የተነሣ ነው፤ ነገር ግን ከጥያቄዎቹ አንዱ የሹሞች ተጠያቂነት ስለነበር፣ ወደ ኋላ ብቻ የሚመለከት ነበር ማለት አይቻልም።

ዝውውሩና የተከተለው

በነሐሴ 1960 ዓ.ም. ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተተኩ፤ በየአውራጃው የነበሩ በርካታ ሹሞችም ተለወጡ። ገበሬው ግን በዚህ ብቻ አልበረደም፤ ግብሩ እስካልቀረ ድረስ የተለወጠው የሰው ስም ነው በማለት አንከፍልም ባለበት ጸና። በ1961 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጎጃም ወርደው ጎበኙ፤ ለዓመታት የተጠራቀመው የግብር ውዝፍም ተማረ፤ የገቢ ግብሩም በጎጃም በተግባር ሳይውል ቀረ። ገበሬው የጠየቀው ሁለቱም ነገር ስለተፈጸመለት በውጤቱ አሸንፏል ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር አልተደረገም። በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ በችሎት ቆመው አቤቱታው ተሰምቶባቸው ነበር፤ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ ግን በደጃዝማች ፀሐዩ ላይ የቀረበው ክስ እውነት ይሁን ሐሰት በአደባባይ የተመረመረበት ፍርድ አልተሰየመም። ክሱ ሐሰት ከሆነ ገዥው ነጻ የሚወጡበት፣ እውነት ከሆነም የተወሰደው የሚመለስበት ዕድል አብሮ ቀረ። ደጃዝማች ፀሐዩ ማዕርጋቸው ሳይነካ ከቆይታ በኋላ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ገዥ ሆነው በጅማ ተቀመጡ። ይህ አሠራር በአማርኛ ሹም ሽር የሚባለው ሲሆን፣ ሹመትንና ሽረትን በአንድ ቃል አጣምሮ መያዙ ራሱ፣ ሽረቱ የቅጣት ፍርድ ከመሆን ይልቅ ለሌላ ሹመት መሸጋገሪያ ይሆን እንደነበር ያመለክታል።

የዝውውሩ ውጤት በ1966 ዓ.ም. ታየ። በዚያ ዓመት ከየካቲት ጀምሮ የወታደሩ፣ የታክሲ ነጂውና የአስተማሪው ተቃውሞ የመንግሥቱን መሠረት ሲያናጋ፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ከተሞችም ገዥዎችና የከተማ ሹሞች ይነሡልን የሚል ጩኸት ተሰማ። ከእነዚህ መካከል ጎልቶ የወጣው የጅማው ነው፤ ተማሪውና አስተማሪው ከነዋሪው ጋር ሆኖ በደጃዝማች ፀሐዩ አስተዳደር ላይ ተነሣ፤ ገዥውም ከሥልጣናቸው ለመልቀቅ ተገደዱ። ከጎጃሙ አመጽ የጅማውን የሚለየው ብዙ ነገር ነበረ፤ በጎጃም ገበሬ በርስት ምክንያት በጠመንጃ ሲነሣ፣ በጅማ የከተማ ሰው በሰልፍ ወጣ፤ የመሬቱ ሥርዐትም ሆነ ቋንቋው የተለየ ነበር። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ያንኑ ሹም አንነካም በማለት ያዛወረው የመንግሥት ውሳኔ ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ሰው ንጉሡን ከሹሙ ለይቶ አቤት ብሎ ነበር፤ በ1966 ዓ.ም. ግን ጩኸቱ በገዥዎቹ ላይ ሳይቆም ወደ ዙፋኑ ወጣ፤ በ1967 ዓ.ም. መባቻም ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ።

ከአብዮቱ ወዲህ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጢሰኝነትን ከደቡብ ሲያስወግድ በዚያ በደስታ ተቀበሉት፤ ርስትን ባጠፋበት በጎጃም ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲሟገትለት የኖረውን መብት ያጣ ገበሬ በጥርጣሬ ነበር የጠበቀው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግና በቀድሞ ሥርዐቶች ሹመት ነበራቸው የተባሉ ገበሬዎች መሬት ሲቀነስባቸው፣ ቅሬታ ያደረባቸው የጎጃም ገበሬዎች እንደ አያቶቻቸው ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ድረስ አቤት ለማለት መጡ። ገዥው፣ ሕጉና ሥርዐቱ ተለዋውጦ፣ አቤት ባይ የሚጓዝበት መንገድ ግን ያው የደብረ ማርቆስ መንገድ ነበረ።

ፍኖተ ሰላም ዛሬ የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ጅጋና ቡሬም በዚያው መንገድ ላይ አድገው ትልልቅ ገበያዎች ሆነዋል። ጠቅላይ ገዥ የሚባለው ሹመት ከጠፋ ግማሽ ምእት ዓመት አልፎታል። ከታሪኩ የሚቀረው ብያኔ አጭር ነው፤ የጎጃም ገበሬ ከገዥው ጋር የነበረውን ክርክር በ1960 ዓ.ም. አሸንፎ ገዥው ሲነሣለት አየ፤ ፍርድ ሳይሰጥ የተነሣው ገዥ ግን ክርክሩን ይዞ ጅማ ገባ።